በ30 ሰከንድ የሚጠፋ መብራት፤ ከፓወር ባንኬ ጋር 7 ወር

ይህን ፓወር ባንክ የገዛሁት ለስልክ አይደለም። ልጄ ጨለማ ትፈራለች። ራስጌዋ ላይ 20 ጥቃቅን ነጭ ኤልኢዲ ያሉበት የሽቦ መብራት ሰቅለንላታል። የሚሠራው በ3 የሪሞት ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ ታዲያ ሳምንት አይሞላቸውም። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ሦስቱ አዲስ ሲሆኑ 4.5 ይሰጣሉ፤ እየደከሙ ሲሄዱ መብራቱም አብሮ ይገረጣል።

ድንጋይ መግዛት ሲሰለቸኝ ሒሳብ ሠራሁ። ፓወር ባንኩ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል። ቁጥሩ የውስጡ የ3.7 ቮልት ባትሪ ነው እንጂ፣ ወደ 5 ቮልት ተቀይሮ ብክነቱ ሲቀነስ 6,000 ቢተርፍ ነው። ይሁን። መብራቱ የሚስበው 45 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው፤ በመልቲሜትር ለክቼዋለሁ። ከ130 ሰዓት በላይ ማለት ነው! የዩኤስቢ ገመድ ቆረጥኩ፣ ቀይና ጥቁሩን ለይቼ በየድኩ። 5 ቮልት ስለሚበዛበት የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገድብ ትንሽ ሬዚስተር ጨመርኩ። በራ።

ከ30 ሰከንድ በኋላ ድርግም። «አባዬ፣ መብራት ሄደ!»

ቁልፉን ተጫንኩ፣ በራ። ድርግም። ብየዳዬን ተጠራጥሬ እንደገና በየድኩ። ለካ ጥፋቱ የኔ አይደለም። ብዙ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ከ50 ወይም ከ100 ሚሊ አምፔር ሲያንስ «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ይዘጋሉ። የኔ መብራት ከቁጥርም አልገባችለትም።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለስልክ ነው የተሠራው።» እሺ፣ ካርቶኑ ላይ የድንኳን መብራት ማን ሳለበት? «ለትንንሽ ዕቃ የሚሆን ሞድ ያለውን መግዛት ነበረብህ።» እውነት ነው፣ አንዳንዱ ቁልፉ ሁለቴ ሲጫን ለጆሮ ማዳመጫና ለእጅ ሰዓት ብሎ ሳይዘጋ ይቆያል። ግን ስገዛ ነግረኸኛል? የኔን ሁለቴም፣ አምስቴም ተጫንኩት። ወይ ፍንክች።

በመጨረሻ ሸወድኩት። ሌላ 100 ኦም ሬዚስተር በትይዩ አስገባሁ፤ ማለትም ከመብራቱ ጎን ሆኖ ለብቻው ከፓወር ባንኩ እንዲስብ። ሬዚስተሩ ብቻውን 50 ሚሊ አምፔር ይበላል፤ ከመብራቱ ጋር 95 ሲደርስ ፓወር ባንኩ ነቅቶ ያድራል። 4 ወር በዚህ ሠራን። ግን አስቡት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኃይል ምንም የማያበራ ዕቃ ያሞቃል። ቧንቧው እንዳይዘጋ ብሎ ውሃ ሲያፈሱ እንደማደር ነው። ግማሽ ዋት የሚችል ሬዚስተር ነው የተጠቀምኩት፤ ያም ሆኖ ሲነኩት ይሞቃል። ልጅ አልጋ አጠገብ የሚሞቅ ነገር አልወደድኩም። አንድ ሌሊት ተነስቼ ነቀልኩት።

አሁን ወደ ድሮው የድንጋይ ሳጥን ተመልሰናል፤ ድንጋዮቹ ግን ቻርጅ የሚደረጉ ናቸው። እያንዳንዱ 1.2 ቮልት ስለሆነ ሦስቱ 3.6 ነው የሚሰጡት። መብራቱ ደብዘዝ ብሏል። ለእንቅልፍ እንዲያውም ተስማማን። የሚስበውም ስለቀነሰ ቻርጅ የማደርጋቸው በ10 ቀን አንዴ ነው። ያን ሁሉ ብየዳ ከመጀመሬ በፊት ይህን ባስብ ኖሮ!

ፓወር ባንኩ? ስልክ ይሞላል። በ7 ወር አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረም። እሱ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ።