ፒያሳ በፌስታል የሚቸረቸር የፊልም ማጠቢያ ዴቨሎፐር እንዳትገዙ!

ፊልሙ ከማጠቢያው ታንክ ሲወጣ ባዶ ላስቲክ ነው። 36ቱም ፎቶ የለም። ይሄን የምጽፈው እጄ ገና ፊክሰር (ከዴቨሎፐር ቀጥሎ ገብቶ ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) እየሸተተ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ድሮ ፎቶ ቤት የነበረ፣ አሁን ጉርድ ፎቶና የሞባይል ሽፋን ላይ ያለ፤ መስታወቱ ውስጥ የሞተ ዜኒት ካሜራ ደርድሮ «ይሄን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የማወጣው» የሚል። ዲ-76 (የጥቁርና ነጭ ፊልም ዴቨሎፐር) አለኝ አለና ከባንኮኒው ሥር በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት አወጣ። በእስክሪብቶ «1 ሊትር» ተብሎ ተጽፎበታል። 1,200 ብር።

የዲ-76 ዱቄት ነጭ ነው። ይሄኛው ቁርጥ በሶ! «ጋሼ፣ ምነው ቡኒ ሆነ?» ስለው ፌስታሉን ወደ አምፖሉ አንስቶ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አደረገና «ልጄ፣ የጀርመኑ እንዲህ ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ ቅንጣት እፍረት የለም። የአሜሪካኑ ኮዳክ ቀመር ከመቼ ወዲህ ነው ጀርመን የሆነው? አየር የገባበት ዴቨሎፐር ቡኒ እንደሚሆን እያወቅኩ «አሃ፣ የጀርመን» ብዬ ቆጥሬ ሰጠሁት። ጅል!

ቀለሙ ብቻም አይደለም። አንድ ሊትር ዲ-76 ማለት 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 2 ግራም ሜቶል፣ 2 ግራም ቦራክስ ነው። ትልቁን እሽግ ከፍቶ በማንኪያ የሚያካፍል ሰው ሰልፋይቱን ይዝቅላችኋል፤ ምስሉን ከሚያወጡት አንዱ የሆነው ሜቶል የማን ፌስታል ውስጥ እንደገባ እሱም አያውቅ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ የፊልሙ ጠርዝ ይናገራል። ፋብሪካው ጠርዙ ላይ ያተመው ስምና ቁጥር ወጥቶ ምስሉ ብቻ ከጠፋ፣ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልዞረም ወይም ብርሃን የሚያስገባው ሹተር አልተከፈተም። ጠርዙም ባዶ ከሆነ ዴቨሎፐሩ ሞቷል፣ ወይ ፊክሰር ቀድሞ ገብቷል። የኔ ፊልም ትራይ-ኤክስ 400 ነው፤ ዴቨሎፐሩ ከውሃ ጋር አንድ ለአንድ፣ በ20 ዲግሪ፣ 9 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ፣ ፊክሰሩ ከዚያ በኋላ። ጠርዙ ባዶ።

ይዤለት ተመለስኩ። ቀና ብሎም አላየው። ለሌላ ደንበኛ ሽፋን እየለካ «ካሜራህን አሠራ» አለኝ።

እሽጉ የተከፈተ አትግዙ። ከገዛችሁም ብርሃን የነካውን የፊልም ጫፍ ቁረጡና መብራት እንደበራ የበጠበጣችሁት ውስጥ ንከሩት፤ በጥቂት ደቂቃ ካልጠቆረ ድፉት። ፊልሙን የታንኩ ሪል ላይ ለመጠቅለል የቆረጥኩት ጫፍ ይኸው እግሬ ሥር ወድቋል።