ኮቦዬን ከመሳቢያ ላስወጣልኝ ልጅ

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ሞባይልና ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ዛሬ የጻፍኩት እሱን ላመሰግን ነው።

እህቴ ከቶሮንቶ ስትመጣ ኮቦ የሚባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ አምጥታልኝ ነበር። እንደ ስልክ ዓይን አይወጋም። ግን ሰባት ወር መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ኦፕን ላይብረሪ በሚባለው፣ በኢንተርኔት መጽሐፍ በሚያውሰው ድረ ገጽ ላይ በኢሜሌ በነጻ ተመዝግቤ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ተዋስኩ። የወረደልኝ ግን ኤሲኤስኤም የሚል ኢምንት ፋይል ነው፤ አልከፈት አለኝ። አንድ ሱቅ ወስጄ ባሳየው "ዕቃው ተበላሽቷል" አሉኝ። ቅስሜ ተሰበረ።

ይሄ ልጅ መጀመሪያ ያየው ገመዴን ነው። "ይሄ እኮ ቲቸር፣ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ዳታ አያሳልፍም" አለና ሌላ ሰካ። ላፕቶፔ ወዲያው ኮቦውን አወቀው።

ያቺ ፋይል ለካ መጽሐፉ ሳትሆን የመውሰጃ ደረሰኙ ናት። አዶቢ ዲጂታል ኤዲሽንስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ስትከፈት ነው መጽሐፉ የሚወርደው። ላፕቶፑም ኮቦውም በአንድ የአዶቢ አካውንት መመዝገብ አለባቸው። በራሱ አካውንት ቶሎ ሊገላገለኝ ይችል ነበር። "አይሆንም፣ በእርስዎ ስም ይሁን" አለ።

አንዴ ሠርቶ አሳየኝ። ከዚያ አጠፋውና ማውሱን ወደ እኔ ገፋ። "አሁን እርስዎ ይሞክሩት።" ሁለቴ ተሳሳትኩ። ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። በሦስተኛው የመጽሐፉ ሽፋን ኮቦው ላይ ብቅ ሲል እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን እየሆነ ሲያስቸግረኝ አይቶም፣ ሳልጠይቀው አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ ፎንት ጫነልኝ። ገመዱን ጨምሮ የተቀበለኝ 200 ብር ነው። ተባረክ ወንድሜ!

እንደኔ ከኦፕን ላይብረሪ ለምትዋሱ፦ ለ1 ሰዓት ብቻ የሚሰጡት መጻሕፍት እዚያው ድረ ገጹ ላይ ነው የሚነበቡት፤ ወደ ኮቦ የምትወስዱት ለ14 ቀን የሚሰጠውን ነው። ቀኑ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል፣ ቅጣት የለውም። አሳታሚዎች የድረ ገጹን ባለቤት ፍርድ ቤት ከስሰው ስላሸነፉ ከ500,000 በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጥተዋል። የፈለጋችሁትን ብታጡ ችግሩ ከማንበቢያችሁ አይደለም። ኪንድል የሚባለው የአማዞን ማንበቢያ ግን ኤሲኤስኤም አይቀበልም። ባልደረባዬ ኪንድሏን ይዛ ስትሄድ ልጁ ይህንኑ ነግሮ፣ ሳንቲም ሳይቀበል ሸኛት።

ሱቁን ለምትፈልጉ በኢንቦክስ እጠቁማለሁ። ከሰዓት ሂዱ፣ ጠዋት ወረፋ አለው። ላፕቶፓችሁን ያዙ፤ የኢሜላችሁን ፓስወርድም አስታውሳችሁ ሂዱ።