ጡትን በራስ መፈተሽ፦ በሻወር ቆሞ ወይስ ተጋድሞ?

ሁለቱም መንገዶች ያገለግላሉ፤ አንዱን ምረጪ ብባል ግን ወደ መጋደሙ አደላለሁ።

የሻወሩ ጥቅም ቅለቱ ነው። ሳሙና የነካው ጣት በቆዳ ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ክንድ ወደ ላይ ሲነሣም ብብትን መዳሰስ ይመቻል። ችግሩ ጥድፊያው ነው። በዚያ ላይ ተለቅ ያለ ጡት ቆመው ሲፈትሹት ወደ ታች ስለሚወርድ የታችኛው ክፍል ተደራርቦ ያስቸግራል።

ሲጋደሙ ጡት በደረት ላይ ተዘርግቶ ይሳሳል። የቀኙን ለመፈተሽ ከቀኝ ትከሻዎ ሥር ትንሽ ትራስ ያድርጉ፤ ቀኝ እጅዎን ከጭንቅላትዎ ሥር አስገብተው በግራ እጅዎ ሦስት መካከለኛ ጣቶች ይዳስሱ፤ በጥፍር ጫፍ ሳይሆን አሻራ በሚያርፍበት ለስላሳ ክፍል። በእያንዳንዱ ቦታ መጀመሪያ ቀለል፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ በመጨረሻ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። ከብብት እስከ ደረት አጥንት ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሱ ይሸፍኑት። ግራውንም እንዲሁ።

ጊዜው ለሁለቱም አንድ ነው፦ የወር አበባ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እብጠቱና ሕመሙ ሲቀንስ። ያረጡ ሴቶች በየወሩ አንድ ቋሚ ቀን ይምረጡ።

የቆዳ መሰርጎድንና የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባትን ግን የሚያሳየው መስታወት ነው።

ከ260,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የሻንጋይ ጥናት፣ ራስን መፈተሽ ማስተማር በጡት ካንሰር መሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል፤ ስለዚህ የትኛውም መንገድ ማሞግራፊን (የጡት ራጅ ምርመራን) አይተካም። አዲስ እብጠት ካገኙ ሐኪም ያማክሩ።