በስልክ የሚካሄደው የማለዳ ጸሎት፦ ያንጻል ወይ?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለች አንዲት የአማርኛ ተናጋሪዎች ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በሥራ ቀናት ማለዳ የምታካሂደውን የስልክ ጸሎት ለወራት ተከታትያለሁ። ወደ መስመሩ ለመግባት መደወልና ኮዱን ማስገባት ብቻ ስለሚበቃ፣ ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ልጆቿን ለትምህርት ቤት የምታሰናዳ እናት፣ እንዲሁም ዱባይ ሆና የአሠሪዎቿን ምሳ ካነሣች በኋላ ጥቂት ፋታ የምታገኝ እኅት አብረው ይጸልያሉ። አገልግሎቱ በአጭር መዝሙር ይጀምርና ከቃሉ ጥቂት ከተካፈሉ በኋላ ቀሪው ጊዜ ለጸሎት ርዕሶች ይውላል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 14 በጉባኤ የሚደረገው ሁሉ ለማነጽ እንዲሆን፣ በልሳን የሚናገሩ ሁለት ወይም ቢበዛ ሦስት ሆነው በተራ እንዲናገሩ፣ የሚተረጉም ከሌለ በጉባኤ ዝም እንዲሉ፣ ነቢያት ሲናገሩም ሌሎቹ የተነገረውን መርምረው እንዲለዩ ያዝዛል። በአዳራሽ ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን በአንድነት ስንጸልይ ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በስልክ ግን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተናገረ ድምፁ ስለሚቆራረጥ፣ መሪው የሌሎቹን ድምፅ ዘግቶ ለአንድ ሰው ብቻ መክፈት ግድ ይሆንበታል። ስብከት ያላስለመደንን ተራ መጠበቅ ቴክኖሎጂው አስለምዶናል ማለት ይቻላል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ አማላጆቹ፣ ማለትም ለሌሎች የሚጸልዩት፣ ሰውን የሚይዙበት መንገድ ነው። አንዲት እኅት ሐዋሳ ሆስፒታል ለተኙ እናቷ ጸሎት በጠየቀች ጊዜ፣ ከአማላጆቹ አንዷ የሆኑ እናት ወዲያው ወደ ጸሎት አልገቡም፤ «የኔ ልጅ፣ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ ስላላለቀ ሄዳ ልታስታምማቸው አለመቻሏ እንደሆነ ስትናገር፣ ጸሎቱ በቀላል አማርኛ ለእናትም ለልጅም ሆነ። «መልእክት መጥቶልኛል» የሚል ሰው ሲኖርም መሪው አያሳፍረውም፤ መልእክቱን በመጀመሪያ ለሽማግሌዎች እንዲያቀርብ በትሕትና ይነግረዋል። ሮሜ 12 ከትንቢት ጋር የሚያነሣቸው ማገልገል፣ መስጠትና ምሕረት ማድረግ በዚህ ኅብረት ቦታ አላቸው፤ በመስመሩ ላይ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ እኅቶች ለአራስ ገንፎ በተራ ያደርሳሉ።

ሁለት ነገሮች ግን ቅር አሰኝተውኛል። አልፎ አልፎ የሚጋበዝ እንግዳ አገልጋይ የርዕሱን ሰዓት ጠቅልሎ ይወስድና፣ ማንም ሊለየው በማይችል ሁኔታ ስለ ቪዛና ስለ ትዳር ትንቢት ይናገራል፤ ተጨንቆ የገባው ሰውም ርዕሱን ሳያስመዘግብ መስመሩ ይዘጋል። ከዚህ የሚከፋው ግን የጸሎቱ ሙሉ የድምፅ ቅጂ በቴሌግራም መለቀቁ ነው። ሰው ለወገኖቹ የተናገረው ሕመሙ፣ የትዳሩ ችግርና የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ለማያውቀው ሁሉ መድረስ አልነበረበትም፤ ቅጂውን ከቃሉ ክፍል በኋላ ማቋረጥ ደግሞ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ይህ እስኪስተካከልም ቢሆን ወደ መስመሩ መግባትን እመክራለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩ ጥንቃቄ የሚሻ ሰው «የልብ ርዕስ አለኝ» ብሎ ብቻ ያስመዝግብና ዝርዝሩን ከጸሎቱ በኋላ ለአማላጆቹ ለብቻቸው ይንገራቸው።