የ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሬዲዮ ትረካ፦ አድማጭ የሰማው፣ ሐያሲ ያነበበው

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ልቦለዱን ያወቀው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከተዋናዩ ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈውና ዛሬ በዩቲዩብ የሚገኘው ይህ ትረካ እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ከሚሰጠው ደስታ በላይ፣ አንባቢና ሐያሲ በአንድ ልቦለድ ላይ ለምን እንደማይስማሙ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

አብዛኛው አንባቢ ስለ መጽሐፉ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚያነሳው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። ፊደል ሊያስተምር ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው የድኻ ልጅና አባቷ የሚመጥናት ባል ጠፋ እያሉ ያለ ትዳር ያቆዩዋት ወይዘሮ፣ ለእርሱ የታሪኩ መጀመሪያም መጨረሻም ናቸው። ሐያስያን በበኩላቸው በፊታውራሪው ዘር ቆጠራ፣ በአበጀ በለው መሪነት ባመፁት ገበሬዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አገሩ እንደ እብድ በሚያየው በጉዱ ካሣ ላይ ያተኩራሉ። መጽሐፉ ከ1966ቱ አብዮት 8 ዓመት ቀድሞ መውጣቱም ይህን አስተያየት አጠናክሮታል፤ ገበሬዎች ጌታቸውን የሚማርኩበትን ክፍል ከአብዮቱ በኋላ ያነበበ ሰው ትንቢት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ወጋየሁ ለየገጸ ባሕርያቱ የሚሰጠው ድምፅ ግን ይህን ክፍፍል ያናጋዋል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡና ሲፎክሩ አድማጭ መሳቁ አይቀርም፤ የሳቀባቸውን ሰው ደግሞ ከልብ መጥላት ይቸግራል፤ ስለዚህ ሐያሲው የሥርዓቱ ምልክት አድርጎ የሚያቀርባቸው ባላባት በትረካው ውስጥ ግትር፣ ኩሩና የሚያሳዝኑ ሽማግሌ ይሆናሉ። ጉዱ ካሣ ልማድና ሥርዓት ከዘመኑ ጋር ካልታደሰ መፍረሱ እንደማይቀር የሚከራከርባቸውን ረጃጅም ንግግሮች፣ መጽሐፉን ለፍቅሩ ብሎ የያዘ አንባቢ በችኮላ ሊያልፋቸው ይችላል። በወጋየሁ ድምፅ ሲነገሩ ግን ቁጭቱ ስለሚሰማ ስብከትነታቸው ይቀንሳል።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተገቢውን ትኩረት ያልሰጡት የስለቱን ነገር ነው። በዛብህን ሳያገባ እንዲያገለግል ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጃቸው እንዲተርፍላቸው የጓጉት ድኾች ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንጂ ባላባት አይደለም። መሰናክሉን ሁሉ በመደብ ልዩነት ለመተርጎም የሚሞክር ሐያሲ እዚህ ላይ መልስ ያጥረዋል፤ ዕጣ ፈንታ ነው ብሎ የሚያልፈው አንባቢም ቢሆን ያ ስለት የወጣቱን ኅሊና እንዴት እንደሚያስጨንቀው ሳያስተውል ይቀራል። ሐዲስ የበዛብህን የትውልድ መንደር የማንኩሳን ምዕራፍ ከሁሉ በፊት ማስቀደማቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ከተጫኑት ቅጂዎች አንዳንዶቹ ድምፃቸው የሻከረ በመሆኑ ጥርት ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። መጽሐፉን ገና ላልጀመረ ሰው የምመክረው የማንኩሳውን ክፍል በትረካ እንዲሰማና የጉዱ ካሣን ክርክሮች ግን መጽሐፉን ገልጦ፣ እርሳስ ይዞ፣ እየተመላለሰ እንዲያነብ ነው፤ ተራኪው የቱንም ያህል ቢካን፣ እነዚያ ክርክሮች ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃሉ።