የጉዞ ዶክመንተሪ፦ ዝነኛ ሰው የሚመራው ይሻላል ወይስ ሌላው?

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ላሊበላ፣ ማታ ሪሞት ይዞ ለተቀመጠ ሰው የጉዞ ዶክመንተሪ ሞልቷል። በአንዱ የፊልም ተዋናይ ሞተር ብስክሌት ይነዳል። በሌላው ኮሜዲያን ባቡር ላይ ሆኖ ያወራል። ቀጥሎ ያለው ላይ የታሪክ ምሁር ግድግዳ እያሳየ ያብራራል። ሌላው ላይ ደግሞ ተራራ፣ እንስሳና ድምፅ ብቻ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ከፍሎ ወይም ዳታ ገዝቶ የሚያይ ሰው የቱን ይምረጥ?

የኔን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር። ዝነኛው ከስሙ ሌላ ይዞት የመጣ ሙያ ካለ እዩት። ስሙን ብቻ ይዞ ከመጣ እለፉት።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አንቶኒ ቦርዴይን ነው። በቴሌቪዥን ከመታወቁ በፊት ለዓመታት ኒውዮርክ ውስጥ ምግብ ያበስል ነበር። ስለዚህ አንድ አገር ሲገባ የሚያየው ማድ ቤቱን፣ ገበያውንና የሚያበስሉትን ሰዎች ነው። በሲኤንኤን ያቀርበው የነበረው «ፓርትስ አንኖውን» እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 ታይቷል (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የኢትዮጵያው ክፍል የ2015 ነው። በዚያ ክፍል አብረውት የሚታዩት ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንና ባለቤቱ ማያ ኃይሌ ናቸው። የክፍሉ ልብ የእነሱ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ዝነኛው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ማየት በዚህ ዓይነት ፕሮግራም ብዙም አይገጥምም፣ ለዚህም ነው ከሁሉ የማስቀድመው። ላሊበላን ወይም ባቲን ፈልጎ የሚከፍተው ሰው ግን ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ከእሱ ጎን ተዋናዩን ኢዋን ማክግሪገርን እናስቀምጥ። ከጓደኛው ከቻርሊ ቦርማን ጋር ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን በሞተር ብስክሌት ተጉዟል። «ሎንግ ዌይ ዳውን» ይባላል፣ የ2007 ሥራ ነው። ኢትዮጵያም መንገዳቸው ላይ ነበረች። ሞተር የሚወድ ሰው ሳይሰለች ያየዋል፤ መንገዱ፣ ብልሽቱ፣ የሁለቱ ጓደኝነት ይማርካል። አገር ማወቅ ለሚፈልግ ግን አይሆንም። አንድ አህጉር ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ ሰው የትኛውም ቤት ቡና እስኪፈላ አይቀመጥም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ የተነሣ እንግዳ ምንም አልሰማም።

ኮሜዲያኑ ማይክል ፔሊን ከሁለቱ መሀል ነው። እሱም ይሮጣል፤ «ፖል ቱ ፖል» ላይ የሄደው ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ ነው። ነገር ግን ከሰው ጋር ሲያወራ ትሑት ነው፣ ቀልዱም ሰውን አያሳንስም። ኢትዮጵያ የደረሰው በ1991 ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነበር፣ ፕሮግራሙ የታየው በ1992 ነው። «አሮጌ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ያኔ እንደ ተራ የመንገድ ምስል የተቀረጸው ዛሬ ታሪክ ሆኗል። ያንን ዘመን በልጅነታቸው ያሳለፉ ሰዎች አብረዋችሁ ቢያዩት ደግሞ ከፕሮግራሙ ይልቅ የእነሱ ወሬ ይበልጣል።

አሁን ወደ ላሊበላ እንምጣ። ዝነኞች የሚደክሙት እዚህ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆመው ይደነቃሉ፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቀጣዩ ከተማ። ተመልካቹ ማወቅ የሚፈልገው ግን አለ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለቱ እንዴት ተፈለፈሉ? ከላይ ወደ ታች ሲቆፈር ውሃው በየት እንዲወርድ ተደረገ? ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነበረ ሥራ አለበት? በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ በሁለት ደቂቃ አድናቆት አያልቅም። ለዚህ የሙያው ሰው ያስፈልጋል። የጥበብ ታሪክ አጥኚው ገስ ኬስሊ ሄይፎርድ በ2010 ለቢቢሲ በሠራው «ሎስት ኪንግደምስ ኦፍ አፍሪካ» አንድ ሙሉ ክፍል ለኢትዮጵያ ሰጥቷል። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስም በ1999ም በ2017ም የአፍሪካን ታሪክ በተከታታይ ሲያቀርብ ኢትዮጵያን አልዘለላትም። እነዚህ ቀልድ ያንሳቸዋል። ተማሪ ልጅ ላለው ቤት ግን ያለማመንታት የምመርጠው እነሱን ነው። ደግሞ ቄሱ «መላእክት ሌሊት ሌሊት ይሠሩ ነበር» ሲሉ አክብሮ ሰምቶ፣ ቀጥሎ የአርኪዮሎጂውን ሐሳብ የሚያነሣ አቅራቢ ከሁለቱም ወገን ያስተምራል።

ወሎ ካሜራ ይዞ የመጣን እንግዳ ከብዙ አገር በፊት አይታለች። በጥቅምት 1973 ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ በብሪታንያ ቴሌቪዥን አሳየ። ያ ፊልም በማግስቱ ዓመት ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ዋዜማ ላይ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀናብሮ በእኛው ቴሌቪዥን ታየ። በጥቅምት 1984 ደግሞ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ከኮረም የላኩት ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። በ1985 የተካሄደው የላይቭ ኤድ ኮንሰርትም መነሻው እሱ ነው። እነዚያ ጋዜጠኞች ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው፣ ሕይወት አድኗል። ቅር የሚያሰኘኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዝነኛው እዚህ ሲደርስ ፊቱን የሚያከብድ፣ ከዚያ ምስል ሌላ የማይፈልግ ከሆነ ፕሮግራሙ ስለ እኛ ምንም አይነግረንም።

ስለዚህ የወሎ ሰው አንድ መመዘኛ በእጁ አለ። አቅራቢው ሰኞ የባቲን ገበያ ሲያይ ማን ከማን ጋር እንደሚገበያይ ይጠይቃል? ሐይቅ እስጢፋኖስን ያየ ሰው ጀማ ንጉሥ ላይ መንዙማውንም ይሰማል? ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ማጀቢያ ብቻ ያደርጋቸዋል ወይስ የሚጫወተውን ሰው ያናግራል? ይህን የሚያደርግ ዝነኛ ካገኛችሁ የሆሊውድ ሰው ቢሆንም ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ሰው የማይታይበት የተፈጥሮ ዶክመንተሪ ሌላ ጥቅም አለው። ዴቪድ አተንቦሮ የተረከው የ2006ቱ «ፕላኔት ኧርዝ» ተራሮችን በሚያሳየው ክፍል በኤርታሌ ጀምሮ ወደ ሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች ይወጣል። ጭላዳ በእኛው አቡነ ዮሴፍ ተራራም አለ፣ ስለዚህ ባዕድ አይሆንባችሁም። እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናትና አያት አብረው ያዩታል፤ ምስሉ ራሱ ይናገራል። እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅም ተራኪው ቀስ ብሎ፣ አጥርቶ ይናገራል። ዝነኞቹ ግን በፍጥነት እያወሩ፣ እየተቋረጡ፣ በራሳቸው አገር ቀልድ ስለሚሳሳቁ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ከሌለ ግማሹ ያመልጣል።

የአገር ውስጦቹ የጉዞ ፕሮግራሞችስ? ድክመታቸው ይታወቃል። ድሮኑ ይረዝማል፣ የባለሥልጣን ንግግር ይበዛል። ግን ግሸን ማርያምን የተሳለመ ሰው በራሱ አንደበት፣ ያለ አስተርጓሚ የሚናገረው እዚያ ነው። ወሎን ለማወቅ ከሆነ ከውጭዎቹ ሁሉ አስቀድማቸዋለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለዝነኞቹ ብላችሁ ውድ ፓኬጅ አትግዙ። አዘጋጆቹ ራሳቸው ዩትዩብ ላይ የሚለቋቸው ቁርጥራጮች አሉ፣ መጀመሪያ እነሱን ሞክሩ። ምግብና ወሬ የሚበዛበት ፕሮግራም በስልክ፣ በ360 ጥራትም ይታያል፣ ዳታም ይቆጥባል። የተራራውን ክፍል ግን በስልክ አትጀምሩት። ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው ዘመድ ቤት መብራት ባለበት ቀን፣ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስባችሁ እዩት።