ሰባት ቤት ሳይቆጠር የተጀመረ ፍቅር፦ ክረምትን አያት አገር የሚያሳልፉ ልቦለዶች ከሰሜን ሸዋ ሲነበቡ

ባሕር ማዶ የተወለደች ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ወላጆቿ አገር ለትምህርት ትላካለች፤ ቋንቋው ሳይገባት ፍቅር ይይዛታል፤ ኮርሱ ሲያልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታለቅሳለች። ለወጣቶች በእንግሊዝኛ የሚጻፉት የዚህ ዓይነት የፍቅር ልቦለዶች ከዚህ ሥሪት ብዙም አይወጡም። ቶሎ ይነበባሉ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ አብዛኛውን ጊዜ ያስቃል። የሚደክሙት አያት አገሩ ጌጥ ብቻ ሆኖ ሲቀር ነው።

ሥሪቱ ታይዋን ላይ የሚሠራበት ምክንያት አለው። ታይዋን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረችው፣ የቻይና ዝርያ ያላቸውን የውጭ ተወላጅ ወጣቶች ሰብስባ ቋንቋና ባህል የምታስተምርበት የበጋ ፕሮግራም ነበራት። ወጣቶቹ ከማንዳሪን ቋንቋው ይልቅ በጥንድ በጥንድ መሆኑ ላይ ስለበረቱ "የፍቅር መርከብ" የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ሁለቱም ፍቅረኞች እንግዶች ናቸው፤ ማደሪያቸውም አንድ ግቢ ነው። የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በአቅራቢያቸው የለም።

ይህንኑ አንስቶ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ ማስቀመጥ ግን አያዋጣም። ልጅቱ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ሁለቴ ከታየች የሚነሣው ጥያቄ "ይወዳታል ወይ?" ሳይሆን "የማን ልጅ ነው?" የሚል ነው። እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ አይጋባምና በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እየተባለ። የመንዝ ሽማግሌ ቆጠራውን አጥብቆ የያዘው ለጋብቻ ሲል ብቻ አልነበረም። ርስት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር፤ በሁለቱም ወላጅ በኩል ስለሚወረስ ሐረጉን ያላወቀ ሰው መሬት ያጣል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቆጠራው ለጋብቻ ቀረ። እንግዲህ አያቷ ከመንዙ ማማ ምድር የወጡ ልጅ እዚያው ማማ ምድር የምታፈቅረው ወንድ አምስተኛው ቤት ላይ ሊገናኛት ይችላል። ሽማግሌዎቹ ስድስተኛው ላይ ካልተስማሙ ደግሞ የልጆቹ ዕጣ በአንዲት አሮጊት ትዝታ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚህ የበለጠ ምን ግጭት ይፈለጋል? በዚህ ፈንታ ቀናተኛ ባላንጣ የሚያመጣ ደራሲ የእጁን ወርቅ ጥሎ መዳብ ያነሣል።

ንግግሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደዚህ ያለች ልጅ አማርኛዋ የእናቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው "እወድሻለሁ" ሲባል ነው። ለወንዱ የምትለውም እሱኑ ነው፦ "እወድሻለሁ"። ጎረምሳው ይሥቅ ይሆናል እንጂ ትርጉሙ አይጠፋውም። "አፈቅርሃለሁ" ካለች ግን ደራሲው መዝገበ ቃላት እንዳየ ይታወቃል፤ ሰው አፍ ላይ ያለው መውደድ ነው። ባላገር ሽማግሌን አንተ ማለቷ ሌላው ስሕተት ነው፤ የሚባለው አንቱ ነው። ይህን ጥፋት አሠርቶ ማሳረም ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል፤ ማንም ሳይታዘባት ማለፉ ግን ደራሲውን ያስገምተዋል። የሰዓቱን ነገር (ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሏት ከምሳ በኋላ የምትመጣዋን) ብዙ ሰው ስለቀለደበት ቢቀር ይሻላል።

ወቅቱ ደግሞ ይገለበጣል። የውጮቹ በጋ እዚህ ክረምት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ነሐሴ ላይ ጣርማበር በጭጋግ ይሸፈናል፤ በስስ ቀሚስ ሰገነት ላይ የሚደረግ የሌሊት ጭፈራ ጉንፋን እንጂ ፍቅር አያመጣም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ የክርስቲያን ሠርግ አይደገስም። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ጾሙ ውስጥ ይውላል፤ ሙልሙሉና ጅራፉ ለትዕይንት ይመቻል። ነሐሴ ማብቂያ ላይ የምትመለስ ልጅ እንቁጣጣሽን አታየውም፤ ሆኖም ብዙ ደራሲ አደይ አበባውን ሳይነቅል አይሸኛትም። ሎሚ የሚወረወርበት መተጫጨት የሚፈልግ ሰው ታሪኩን ወደ ጥር 11 ማዛወር አለበት፤ ያኔ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፣ የሠርግም ወር ነው። ዓመቱንም መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለውን ጊዜ መርጦ ስለ ጸጥታው ምንም ያላለ መጽሐፍ አይታመንም።

ለስጦታ የሚገዛ ሰው ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባይሰጥ ይመረጣል፤ መጠጥና ከማደሪያ ሾልኮ መውጣት በብዙዎቹ ውስጥ አለ። ከመክፈል በፊት አያትየዋ መጀመሪያ የምትናገርበትን ገጽ ገልጦ ማየት ይጠቅማል። አፏን በከፈተች ቁጥር ተረትና ምሳሌ ብቻ የሚወጣት ከሆነ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለስ፤ ስለ ጤፍ ዋጋ ወይም ስለ ጉልበቷ ቁርጥማት ካወራች ይገዛ።